ጠመኔ ኔትወርክ አይጠይቅም

መንግሥት ለትምህርት ቤቶች ዲጂታል ትምህርት ሊያዳርስ ነው የሚል ዜና በሰማሁ ቁጥር ጉልበቴን ይጠዘጥዘኛል። ሐኪሙ ሪህ ነው አለኝ። በዜና ሰዓት ብቻ የሚነሳ ሪህ ካለ እሺ፣ ሪህ ነው። ዜናው መቼም አይለወጥም፦ አንድ ትልቅ ሰው፣ አንድ ቀይ ሪባን፣ በትሪ የቀረበ መቀስ፣ ጭብጨባ። ከዚያ አዲስ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ስክሪኑ ላይ ጣቷን ስታሳርፍ ትታይና አለቀ፤ ወደ ስፖርት። የካሜራው ሰው ገመዱን ጠቅልሎ ከሄደ በኋላ ከዕቃው ጋር ክፍል ውስጥ የምቀረው ግን እኔ ነበርኩ።

ልጆቼ "አባባ፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ ምን አገባዎት?" ይሉኛል። ጡረታ የወጣው ደመወዜ ነው፤ አፌ ገና በሥራ ላይ ነው። ሒሳብ ሳስተምር ነው ፀጉሬን የጨረስኩት፤ የትምህርት ሣጥን ሲገባም ሲወጣም አይቻለሁ። ስለዚህ ዝም በሉና ስሙኝ። ካልሰማችሁም ግድ የለም፣ ተማሪዎቼም አይሰሙኝም ነበር።

መጀመሪያ ሬዲዮ ነበር። ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ቢሆንም፣ ለገጠር ትምህርት ቤት ዘመዱ ሬዲዮ ነው። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ይቆለፍበታል፤ በሰዓቱ አንዱ ልጅ በሁለት እጁ ታቅፎ ያመጣዋል፤ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው ያዳምጣሉ። ስለ ሬዲዮ ክፉ አልናገርም። የሚፈልገው የባትሪ ድንጋይ ብቻ ነው። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራና ሰሜን አሜሪካ የት እንዳለ ተናግሮ ይጨርሳል። ከእሱ ወዲህ የመጡትን ዕቃዎች ግን ፀሐይ ላይ ማስጣት አይቻልም። ችግሩ የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ መጣ። ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ኬሚስትሪውም፣ ባዮሎጂውም፣ እንግሊዝኛውም፣ ሥነ ዜጋውም ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ ሳተላይት ላይ ወጥቶ፣ ከሰማይ ወደየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ይወርዳል ተባለ። አባቶቻችን "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ሲሉ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ለካ ዕቅድ ኖሯል።

ፕላዝማው በብረት ሣጥን ተቆልፎ ክፍል ውስጥ ተተከለ። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛው የእሱ ሆነ፤ ለእኔ መግቢያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተቆረሰችልኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ካልኩለስ ተፈትኜ፣ በዲግሪ የተመረቅሁ ሰውዬ ሥራዬ ስክሪን መክፈትና መዝጋት ሆነ። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ የግቢውን በር ይከፍታል፣ እኔ ፕላዝማውን እከፍታለሁ። ልዩነታችን እሱ ዱላ ተፈቅዶለታል።

የፕላዝማው መምህር ጥሩ ሰው ነበር፤ ክራቫቱም ያምራል። ነገር ግን አንድ ጠባይ ነበረው። ጥያቄ ይጠይቅና ለጥቂት ሰከንድ ፈገግ ብሎ ያየናል። ክፍሉ ጸጥ። ከኋላ ዴስክ አንዱ ያስላል። ከዚያ ሰውየው በደስታ "ቬሪ ጉድ!" ይላል። ማን መለሰለት? ምን ሰማ? እኔ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ካመሰገንኳቸው ተማሪዎች እሱ በአንድ ሳምንት ያመሰገናቸው ይበልጣሉ፤ ያውም አንዳቸውም አፋቸውን ሳይከፍቱ።

ሒሳብ ደግሞ መቼም ይታወቃል፣ በጥድፊያ አይሆንም። ተማሪው እኩልታውን ገልብጦ ኤክስን ወደ ግራ ሳያሻግር፣ ሰውየው መልሱን አግኝቶ፣ ሰሌዳውን አጥፍቶ፣ ወደሚቀጥለው ምሳሌ ገብቷል። "ቆይ!" የሚባል ነገር የለም። እኔን "ቲቸር፣ ይድገሙልን" ይሉኝ ነበር፤ እየተነጫነጭኩም ቢሆን እደግማለሁ። ሳተላይት ላይ ያለን ሰው በማን በኩል ነው የምታስቆመው? እንግሊዝኛውም የእኛ ሰፈር እንግሊዝኛ አይደለም። እስከ አምና በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር የቆየ ልጅ ጆሮውን እስኪያቀና ፕሮግራሙ ያልቃል። ስለዚህ እሱ ከላይ ይናገራል፣ እኔ ከሥር በአማርኛ እየተጣደፍኩ እተረጉማለሁ፣ ልጁ የማናችንን እንደሚሰማ ግራ ገብቶት አንዴ ወደ እኔ አንዴ ወደ ሣጥኑ ያያል። በመሐል "ቬሪ ጉድ!"

ከዚያ መብራት ይሄዳል። ትምህርቱ በመላ አገሪቱ በአንድ ሰዓት ነው የሚተላለፈው፤ የአዲስ አበባውም የጋምቤላውም ልጅ እኩል ይማር ነው ሐሳቡ። ሐሳቡን እወደዋለሁ። መብራቱ ግን ሐሳቡን አልሰማም። ትሪጎኖሜትሪ ሊጀመር ሲል ይሄዳል፤ ሲመጣ ሳይንና ኮሳይን አልፈው ሰውየው ስለ ሌላ ነገር ያወራል። ያመለጠው አመለጠ። ወደ ጠመኔዬ ስመለስ ደግሞ ዓመታዊ ዕቅዱ ከሳተላይቱ ጋር እኩል ሂድ ይለኛል። እኔ በእግሬ፣ እሱ በሰማይ!

አልዋሽም፤ ደግ ነገርም ነበረው። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ቀለም ሲቀየር፣ የሕዋስ አካል በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ያዩ ነበር። የኬሚስትሪው ባልደረባዬ ዕድሜ ልኩን በቃል ሲያስረዳ የኖረውን ነገር ራሱም ያየው ያን ቀን ነው። እንግዲህ ሣጥኑ እኔን ቢረዳኝ ኖሮ ስንቱን በሠራን ነበር! እሱ ግን የመጣው ሊተካኝ ነው፤ ሊተካኝ የመጣው ደግሞ ሲታመም የሚያክመው ሳይታሰብለት ነው።

ታመመም። አንዱ ድምፅ አጣ፤ አንዱ ምስል አጣ፤ አንዱ ሁለቱንም አጥቶ ሽታ ብቻ ሰጠ። ደብዳቤ ወደ ወረዳ ተጻፈ፣ ወረዳ ወደ ዞን መራ፣ ዞን ወደ ቢሮ መራ። ደብዳቤው ከሳተላይቱ ባልተናነሰ አገር ዞረ። የሚጠግን ሰው ግን አልመጣም። በኋላማ በፈረንጆቹ 2013 መጨረሻ ፓናሶኒክ፣ በ2014 ደግሞ ሳምሰንግ ራሳቸው ፕላዝማ ማምረት አቆሙ፤ መለዋወጫ ፍለጋው በዚያው ተጠናቀቀ። በእኛ ትምህርት ቤት የአንዱ ክፍል ሣጥን ባዶውን ሲቀር፣ ቁልፉ ጠንካራ ስለነበረ የጠመኔ ካርቶን ማስቀመጫ አደረግነው። እስከማውቀው ድረስ ያለ እንከን የሠራበት አገልግሎት ያ ነው።

ፕላዝማው ሳይቀበር ላፕቶፕ ተከተለ። አረንጓዴና ነጭ፣ ጆሮ ያለው፣ ትንሽ። አሜሪካዊው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ ብለው የተነሱበት፣ ዋጋው 100 ዶላር ይሆናል ተብሎ ከዚያ ያለፈው ማለቴ ነው። ወደ አገራችንም በሺዎች ገብቷል። ፔሩ የምትባለው አገር ደግሞ ከ800 ሺህ በላይ ገዛች። የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ አጥኚዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ውጤቱን ሲያወጡ፣ በሒሳብም በቋንቋም የልጆቹ ውጤት ከፍ አላለም። ይህን ባነበብኩ ቀን ለፔሩ አዘንኩ፤ ግን ብቻችንን አለመሆናችን ትንሽ አጽናናኝ።

እኚሁ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት ስለ እኛ አገር የተናገሩት ደግሞ እንቅልፍ ነስቶኛል። በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ፣ ማንበብ ላልጀመሩ ልጆች ታብሌት በታሸገ ካርቶን ተቀመጠላቸው። መምህር የለም፣ መመሪያ የለም። አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘው አሉ። በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል እየዘመሩ ነበር፤ በአምስት ወር ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱት። የዓለም አዳራሽ በሙሉ ጉድ አለ።

ምን ይገርማል? የገጠር ልጅ ነው! ገና በአራት ዓመቱ ጥጃ ይጠብቃል፣ እሳት ያቀጣጥላል፤ ካርቶን መክፈት ያቅተዋል እንዴ? ታብሌቱን ለእኛ የወረዳ ግዥና ንብረት አስተዳደር ሰጥተውት ቢሆን ነበር የሚገርመው፤ በአራት ዓመት ካርቶኑ ከተከፈተ እኔም ጉድ እላለሁ። እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ማንም ያላጨበጨበለት። ለመንደሩ አዋቂዎች በፀሐይ ኃይል ቻርጅ ማድረግ የሚያሳያቸው ሰው ነበረ። በየሳምንቱ ደግሞ አንድ ባለሙያ እየመጣ የታብሌቶቹን ሚሞሪ ካርድ ይቀይር ነበር። በየሳምንቱ! ሰው የለበትም የተባለው ትምህርት በየሳምንቱ ሰው ይመጣለታል። እኔ ጋ ሱፐርቫይዘር የሚመጣው በዓመት አንዴ ነበር፤ እሱም ሌሰን ፕላኔ ላይ ፈርሞ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ "በርቱ" ብሎ ይሄዳል። ለታብሌቱ የተደረገውን ግማሹን ለእኔ ቢያደርጉልኝ እኔም ፊደል እዘምር ነበር።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤት ዘጋ፤ ትምህርቱ በቴሌቪዥን፣ በሬዲዮና በቴሌግራም ይቀጥል ተባለ። ለዚህ አልወቅሳቸውም፣ ጭንቅ ነበር። ቢሆንም አንድ ነገር ተማርኩ፦ ቴሌግራም ላይ ትምህርት ማለት የክፍሉ ልጆች በሙሉ "ቲቸር አልከፈተልኝም" እያሉ እስከ እኩለ ሌሊት መጻፍ ማለት ነው። በዚያው ዓመት "ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025" የሚባል ስትራቴጂ ወጣ። እኔ በእኛ አቆጣጠር መስሎኝ፣ ገና ብዙ ዓመት አለ ብዬ ተዝናናሁ። ለካ በፈረንጅ ኖሯል የሚቆጥሩት።

ከዚያ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጣ፤ መጽሐፉ ታትሞ ሳይዳረስ ፒዲኤፉ ቀድሞ ደረሰ። ሶፍት ኮፒ ይሉታል። የልጅ ልጄ "አባባ፣ ስልክዎን ይስጡኝ፣ ባዮሎጂ ላጥና" ስትለኝ እሰጣታለሁ። ባዮሎጂው በየት በኩል ወደ ዳንስ ቪዲዮ እንደሚሻገር አላውቅም፤ ከክፍሉ በር ስደርስ ግን ምንጊዜም የሕዋስ ክፍፍል ላይ ነች። በመጨረሻ አባቷ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ፣ ገንዘቡን ከኪሱ ከፍሎ፣ ፒዲኤፉን በወረቀት አሳትሞ፣ በስፓይራል አስጠርዞ መጣ። ይኸው ዲጂታል! መንግሥት ፋይሉን ይሰጣል፣ ማተሚያ ቤት የሚሆነው ወላጅ ነው። መጽሐፍ ለጠፋበት ፒዲኤፍ ከምንም ይሻላል፣ አዎ። ግን ከምንም የሚሻል ነገር ስንት ጊዜ ነው የሚመረቀው?

ኢንተርኔቱንስ ምን አደረጉት? በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተሰርቆ በማኅበራዊ ሚዲያ ተበተነና ተሰረዘ። በ2009 እና በ2011 ዓ.ም. ፈተና ሲደርስ የአገሩ ኢንተርኔት ተዘጋ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ፈተናው ራሱ ለከፊሉ ተማሪ በኦንላይን ተሰጠ። መጀመሪያ ኢንተርኔት ፈተናውን ሰረቀ፣ ከዚያ ኢንተርኔት ታሰረ፣ ከዚያ ኢንተርኔት ፈታኝ ሆኖ ተሾመ። እኔ ሠላሳ ዘጠኝ ቅጽ ሞልቼ ማዕረግ ያላገኘሁ ሰውዬ ይህን ዕድገት ሳይ ቅናት ቢጤ ያዘኝ።

ስለ ፈተና ካነሳን፣ የ2014 ዓ.ም. ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ በተከታዩ ዓመትም 3.2። ያን ጊዜ 12ኛ ክፍል የነበረ ልጅ የተወለደው ፕላዝማው በተመረቀበት ዘመን አካባቢ ነው። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ነገር ሲመረቅለት ያደገ ልጅ ነው። ውድቀቱን ሁሉ በሣጥኑ ላይ አላላክክም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ እኔም ሒሳብ ስለማውቅ ብዙ ተለዋዋጭ ያለውን እኩልታ በአንዱ አልፈታም። ግን ሣጥኑ ያድነናል ያሉን ሰዎች የት ሄዱ?

ልንገራችሁ የት እንደሄዱ። አዳማ ናቸው፣ ሥልጠና ላይ። አንድ ጊዜ እኔም ተጠርቼ ነበር፦ የአሠልጣኞች ሥልጠና፣ በሆቴል አዳራሽ፣ በዲጂታል የማስተማር ዘዴ ላይ። ኤልሲዲው አልነሳ አለ። አንዱ ገመዱን ነቀለ፣ ሌላው ሰካ፣ ሦስተኛው ላፕቶፑን አጥፍቶ አበራ። እስከ ሻይ ሰዓት ጠብቀን አሠልጣኙ ፍሊፕ ቻርት አስመጣና በማርከር "የዲጂታል ትምህርት ጥቅሞች" ብሎ ጻፈ። ማርከሩም ደረቀ። አበሉ ግን በሰዓቱ ተከፍሏል፤ ስለዚህ ሥልጠናው ውጤታማ ነበር ተብሎ ሪፖርት ተደረገ።

የነገሩ ሥር የት ነው? እኔ እንደገባኝ ሥሩ በጀት ላይ ነው። ዕቃው የሚገዛው በካፒታል በጀት ወይም በብድርና በእርዳታ ነው፤ አንዴ ይመጣል፣ ብዙ ነው፣ ይመረቃል። ጥገናው፣ መብራቱ፣ የኢንተርኔት ክፍያው፣ የሚያሳየው ባለሙያ፣ እነዚህ ሁሉ መደበኛ በጀት ላይ ይወድቃሉ፤ እሱን ደግሞ ደመወዝ ጠራርጎት፣ የተረፈችው ሳንቲም ለጠመኔና ለወረቀት እንኳ አትበቃም። ለጋሹም ቢሆን ሎጎውን የሚለጥፍበት ይፈልጋል። ስክሪን ላይ ሎጎ ያምራል፤ በመምህር ግንባር ላይ ግን አይለጠፍም። ገመድ የቀጠለ ሠራተኛ ሪባን ተቆርጦለት አይታወቅም። ለዚህ ነው የሚመረቅ ነገር ሁሉ ገንዘብ የሚያገኘው፣ የሚጠገን ነገር ሁሉ ደብዳቤ የሚጻፍለት። ስዊድን እንኳ፣ ያቺ ሀብታም፣ ያቺ ብርሃኗ የማይጠፋ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ስክሪን በዛ ብላ ለታተሙ መማሪያ መጻሕፍት ገንዘብ መደበች። እነሱ ጠግበው ተመለሱ፤ እኛ ሳንቀምስ እንዳንመለስ ነው የምፈራው። ዲጂታሉ ይቅር አላልኩም። ከነሰውየው ይምጣ ነው ያልኩት።

እንግዲህ ነጭናጫ ሽማግሌ ብቻ አትበሉኝ፣ መፍትሔም ይዤ ነው የመጣሁት። እኛ ሰው ሲሞትብን በቀብሩ ቀን ብቻ አንሰበሰብም። አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ መንፈቅ አለ፣ ሙት ዓመት አለ፤ ባለ ወጉ ሰባተኛ ዓመቱንም ያወጣል። ለሣጥኑም እንደዚሁ ይደረግለት። የምርቃቱ ቀን ሪባን አይቆረጥ። ዕቃው ገብቶ አርባ ቀን ሲሞላው ያው ትልቅ ሰው፣ ያው ካሜራ፣ ያው አጨብጫቢ ይመለሱና ማብሪያውን ይጫኑ። በመንፈቁ ይመለሱ። በዓመቱ ይመለሱ። ልጅቷንም ዩኒፎርሟ ካረጀ በኋላ ጠይቋት፣ ምን ተማርሽ ብላችሁ። ስክሪኑ ከበራ፣ ልጅቷም ከመለሰች፣ ያኔ ሪባኑን ቁረጡ፣ እኔም ቆሜ አጨበጭባለሁ። ካልበራ ደግሞ ቄስ ይጠራ፣ ፍትሐቱ ይደረስ፣ ተዝካሩ ይውጣ፤ ስንት ብር እንደነበረና ማን እንደፈረመበትም በሕዝብ ፊት ይነበብ። በሁለቱም ቢሆን እንጀራ አይጠፋም፤ ሕዝቡ ባዶ አፉን አይመለስም።

የእድራችንን ጸሐፊ አማከርኩት። ድንኳኑና ወንበሩ ከእድር፣ ጌሾው ከእኔ ነው ብለናል። ቀኑን ስትቆርጡ ግን በስልክም በቴሌግራምም እንዳትነግሩኝ፤ ኔትወርክ አይኖርም፣ አይደርሰኝም። ሰው ላኩ።